አማቴ «አእምሮዬ እንዳያረጅ» ብለው ምግብ ቀንሰዋል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁሌ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አማቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው። 68 ዓመታቸው ነው። የኖሩበት ሰፈር ለልማት ሲነሳ ነው ወደ እኛ የመጡት።

ከፍልሰታ ወዲህ ምግብ ቀንሰዋል። ጾሙ ሲፈታ ይመለሳሉ ብዬ ነበር። አልተመለሱም። ጠዋት ሻይ ብቻ ይጠጣሉ፣ ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ምንም የለም። ለምን ስላቸው ልጄ በስልክ ያሳየቻቸውን አንድ ቪዲዮ ያነሳሉ። «ትንሽ የሚበላ ሰው አእምሮው አያረጅም፤ ሰውነት ሲራብ ጭንቅላት ራሱን ያጸዳል» ይላል። ታላቅ እህታቸው ከመሞታቸው በፊት ሰው አይለዩም ነበር። ያስታመሟቸው አማቴ ናቸው። «እንደ እሷ ከምሆን ብራብ ይሻለኛል» ይላሉ።

ሲበሉም እንደ ድሮው አይደለም። የእንጀራውን ጠርዝ ይተዉትና ወጥ የነካውን መሃል መሃሉን ብቻ ያነሳሉ። ምሳ በልቻለሁ ይሉኛል፤ ማታ ከሥራ ስገባ ሳህኑ ተከድኖ ለልጆቹ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። የስኳር በሽታ አለባቸው፣ ሁለት ዓይነት ክኒን ይወስዳሉ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ላብ በላብ ሆኑ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቴ ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጥታቸው ነው የተሻላቸው። መርሳቱም የበዛ ይመስለኛል። ጀበና ጥደው ረስተውት ቡናው ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቷል። አንድ ቀን ደግሞ ብሎክ ተሳስተው የሰው በር አንኳኩ።

በቀደም የባለቤቴ እህት መጥታ «እናታችን ከሳች፤ ምግብ ታቀርቢላቸዋለሽ ግን?» አለችኝ። እማማ እየሰሙ ዝም አሉ። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ብጎተጉታቸው ይቆጡኛል፤ ዝም ብል አማቷን አስራበች እባላለሁ። እውነት ምግብ መቀነስ ለአእምሮ ይጠቅማል?

ግራ የገባኝ ምራት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት የእሁዱን ነገር እናንሳ፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። ላብ በላብ መሆን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ጣፋጭ ሻይ ሲጠጡ መለስ ማለት። ይህ የስኳር መውረድ ይመስላል። ክኒኖቹን በስም አልጻፍሽልኝም። ሁለት ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አንዱ ሜትፎርሚን ነው፤ እሱ ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ክኒን ሰው በላ አልበላ አይልም። ቆሽትን ገፋፍቶ ኢንሱሊን ያስወጣል፣ ስኳሩን ያወርደዋል። ዛሬ ማታ መድኃኒቱን አንሺና ስሙን አንብቢ።

እንደገና ካጋጠማቸው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው። 15 ደቂቃ ጠብቂ። ካልተሻላቸው ድገሚ። ሲረጋጉ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጊ፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ይህን ለጎረቤትሽም ንገሪያት። (ያቺን ሴት እግዜር ይስጥልን።) ክኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ አትቀንሱ። በዚህ ሳምንት ወደሚከታተሏቸው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአበላል ሰዓታቸው መቀየሩን፣ እሁድ የሆኑትን ሁሉ ተናገሩ። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

ስለ አእምሮ ካነሳን አይቀር፣ አንጎል ዋና ምግቡ ስኳር ነው። ክብደቱ ከሰውነታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ስኳራቸው ደጋግሞ ክፉኛ የወረደባቸው የስኳር ሕሙማን አረጋውያን ኋላ ላይ ለመርሳት በሽታ የበለጠ ተጋልጠው ታይተዋል። እማማ የሚሸሹት ደግሞ ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም፤ ስለዚህ «ውሸት ነው» ብለሽ አትከራከሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክላይቭ ማኬይና ባልደረቦቹ ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች እንደልብ ከበሉት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንደኖሩ አሳዩ። ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ በጦጣ ተሞከረ። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ውጤት፣ ምግባቸው በ30 በመቶ የተቀነሰ ጦጣዎች በእርጅና በሽታ ብዙም አልተጠቁም። አንዳንዱ የአንጎላቸው ክፍልም ከሌሎቹ ይልቅ ሳይሳሳ ቆይቷል። ሌላ የአሜሪካ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ተመሳሳይ ሙከራ ግን የጦጣዎቹ ዕድሜ አልጨመረም። «ራሱን ያጸዳል» የሚለውም መነሻ አለው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኖቤል የተሸለሙት ሕዋሳት ያረጀና የተበላሸ ክፍላቸውን እየፈጩ እንዴት መልሰው እንደሚጠቀሙበት ስለገለጡ ነው። ረሃብ ይህን ሥራ ያነሳሳዋል። ብቻ ኦሱሚ ዋናውን ሥራቸውን የሠሩት በእርሾ ላይ ነው። ከእርሾ እስከ አማትሽ ድረስ ደግሞ ረጅም መንገድ አለ።

በሰው ላይ የተደረገውም ቢሆን አለ። ጀርመን ሙንስተር ከተማ ውስጥ ጤነኛ የሆኑ፣ በአማካይ ዕድሜያቸው 60 ገደማ የሆነ 50 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት፣ ለሦስት ወር ምግብ የቀነሱት ቃላትን በማስታወስ ፈተና 20 በመቶ ያህል ተሻሽለዋል። ቪዲዮው ላይ የሰሙት ይህን ሊሆን ይችላል። ያልሰሙት ግን ሰዎቹ በአማካይ ወፈር ያሉ መሆናቸውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 218 ሰዎች ለሁለት ዓመት የተከታተሉት ካለሪ የተባለ ትልቅ ሙከራ ነበር። አብዛኞቹ ምግባችሁን በ25 በመቶ ቀንሱ ተባሉ፤ የቻሉት ግማሹን ያህል ነው። ዕድሜያቸው ከ50 አይበልጥም። ሐኪምና የምግብ ባለሙያ ከጎናቸው አይለይም፣ ቫይታሚንና ካልሲየም ይሰጣቸዋል። ከዚያም ሁሉ በኋላ የአጥንታቸው ጥንካሬ ቀነስ ብሏል።

አየሽ፣ ጥያቄው «ምግብ መቀነስ ይጠቅማል?» ብቻ አይደለም። ማን ነው የሚቀንሰው? ከምን ላይ? ጥናቶቹ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሲበሉ የኖሩ፣ ወይ ገና በጉልምስና ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስድሳን አልፎ ቀሚስ የሰፋው ሰው ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም። ጡንቻውም ይሄዳል። ጡንቻ ሲያልቅ እግር ይከዳል፤ የናንተ ቤት ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። መውደቅ አለ፣ ስብራት አለ፣ ከዚያ አልጋ ላይ መዋል አለ። በዚህ ዕድሜ ሳያስቡት መክሳት ራሱ ምርመራ የሚጠይቅ ምልክት ነው። ስኳሩ አልተስተካከለ ይሆናል፣ የእንቅርት ዕጢ ይሆናል፣ ቲቢ ይሆናል፣ ድብርት ይሆናል። አንዳንዴ የመርሳት በሽታም ገና ሳይታወቅ ሰውን ያከሳል። ይህን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም። «ቪዲዮ አይተው ነው» ብለን እንዳንተወው ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ስደግመው ቪዲዮውን መጠራጠር ጀመርኩ። ያ የእንጀራ ጠርዝ አልወጣልኝም። ጠርዙ ደረቅ ነው፣ ማኘክ ይፈልጋል። ወጥ የነካው መሃሉ ለስላሳ ነው። አእምሮውን ለመጠበቅ ብሎ ምግብ የሚቀንስ ሰው እንዲህ መርጦ አይቀንስም፤ ጥርሱን ያመመው ሰው ግን እንዲህ ነው የሚበላው። አዛውንት ደግሞ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ልጁን ገንዘብ ማስወጣት አይወድም። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ጎን ለጎን ስትቀመጡ በየትኛው በኩል እንደሚያኝኩ ተመልከች።

ሁለተኛው ነገር የተከደነው ሳህን ነው። ለልጆቹ! ይህ ከአንጎል ጽዳት ጋር ምን አገናኘው? የዘይቱንና የጤፉን ዋጋ እሳቸውም ይሰማሉ። አንቺ ከደመወዝ ደመወዝ ስትቆጥሪ፣ ከባለቤትሽ ጋር በስልክ ስለ ገንዘብ ስታወሩ ቤት ውስጥ ናቸው። «ሸክም ሆንኩባቸው» የሚል ሐሳብ ገብቷቸው ይሆን? በቤቱ የኖረ እናት እንዲህ ሲያስብ አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ ከራሱ ሳህን ላይ ነው የሚቀንሰው። እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንቺ ግን ቤቱን ታውቂዋለሽ። ከሆነ ደግሞ መልሱ «ይብሉ እንጂ» አይደለም። የልጆቹን ድርሻ ቀድመሽ በዓይናቸው ፊት አውጪና ለይተሽ አስቀምጪ። የሳቸው የሳቸው መሆኑን ያዩታል።

ሦስተኛ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገባቸው ማን አለ? አንቺ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ልጃቸው መንገድ ላይ። በድሮ ሰፈራቸው ቡና ሲፈላ ሦስት አራት ጎረቤት ይጠራ ነበር፤ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የንስሐ አባታቸው ሁሉ እዚያው ነበር። አሁን አንድ በር ዘግተው፣ ግድግዳ እያዩ ነው የሚበሉት። ለብቻ የሚበላ እንጀራ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ ልንከላከላቸው የምንችላቸውን 14 ነገሮች ዘርዝሯል። ብቸኝነት አንዱ ነው። ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ አለመንቀሳቀስ፣ ድብርት፣ ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግርም አሉበት። በጉልምስና ዘመን ከልክ ያለፈ ውፍረትም አለ። በ68 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መብላት የሚል መከላከያ ግን እዚያ ውስጥ አታገኚም።

ስለ መርሳቱ ቶሎ አትደንግጪ። ቡና ያላስገነፈለ ቤት ካለ ያሳዩኝ። ብሎክ መሳሳቱንም አልፈርድበትም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁሉም ሕንጻ አንድ መልክ ነው፣ እኔም ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ብር መቁጠር ከቸገራቸው፣ አንድ ጥያቄ ወዲያው ወዲያው ከደጋገሙ፣ ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩት ወጥ ቅደም ተከተሉ ከጠፋባቸው ለሐኪሙ ንገሪ። ሌላ ደግሞ አለ፤ በደንብ ያልበላ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ግራ ይጋባል፣ ይረሳል። ስለዚህ ያየሽው መርሳት ከየትኛው እንደመጣ አሁን መለየት አይቻልም። መጀመሪያ ምግቡ ይስተካከል።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የቫይታሚን ቢ12 ነገርም አንሺ። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው፤ በጾም ምግባችን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ደግሞ ይቀንሰዋል። እንደ እማማ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም፣ በፍስኩም ጥቂት የሚበላ፣ ሜትፎርሚንም የሚወስድ ሰው ሊያልቅበት ይችላል። ሲያልቅ እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ይረሳል። በጊዜው ከተደረሰበት ይታከማል። የደም ምርመራው እዚያ ከሌለ የት እንደሚሠራ ይነግሯችኋል። ጆሮና ዓይናቸውም ቢታይ ጥሩ ነው።

ጾሙን በተመለከተ አንቺ አትግቢበት። ምራት ስለ ጾም ስታወራ መጨረሻው አያምርም። የንስሐ አባታቸው ይግቡበት። መድኃኒት ለሚወስድና ለደከመ ሰው እንዴት መጾም እንዳለበት የሚመክሩት እሳቸው ናቸው፤ ካህን ሲፈቅድላቸው ደግሞ ሕሊናቸው አይወቅሳቸውም። ስልካቸው ከእማማ ጋር ይኖራል። ባለቤትሽ ቢደውልላቸው ከሁሉም ይሻላል።

የሳቸውን ፍርሃት ግን አትለፊው። ታላቅ እህትን አስታመው፣ ያቺው እህት «አንቺ ማነሽ?» ስትላቸው የሰሙ ሴት ናቸው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ምግብ ከማውራትሽ በፊት ስለ እህታቸው አንሺ። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡና ላይ ይሁን። «እማማ፣ እህትዎን ሲያስታምሙ ከሁሉ የከበደዎት ምን ነበር?» በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። አትቸኩይ፣ አታጽናኚ። ምናልባት ያን ቀን ስለ ምግብ አንድም ቃል ሳይነሳ ይቀር ይሆናል፤ ይቅር። በሌላ ቀን «አእምሮዎን መጠበቅ ይፈልጋሉ፤ እኔም እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚጠበቅ አብረን ሐኪም እንጠይቅ» ብትያቸው ከእርስዎ ጋር ነኝ ማለትሽ ነው። ሊቆጡሽ ምክንያት የላቸውም።

እስከዚያው ሳህኑ ትንሽ ይሁን፣ ግን ቁም ነገር ያለበት። ሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ ወፈር ብሎ፣ ምስር ክክ፣ በፍስክ ቀን እንቁላል ወይ እርጎ። እነዚህ ማኘክ አይፈልጉም፣ ፕሮቲንም አላቸው። ጠዋት ሻዩን ብቻ አታቅርቢ፤ ከክኒኑ ጋር የሚበላ ነገር አብሮ ይቅረብ። ውኃም አትርሺ፤ አዛውንት ጥማቱ አይታወቀውም፣ ውኃ ማነሱም ሰውን ያደናግራል። ምሳ ሰዓት ላይ ያቺ ሻይ የሰጠቻቸው ጎረቤት ሳህኗን ይዛ ብትመጣ ምን ይመስልሻል? አንቺ ደግሞ በእሷ በኩል የምታግዣት ነገር አይጠፋም። በየሁለት ሳምንቱ ፋርማሲ ጎራ ብላችሁ ወይም መንገድ ላይ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ይመዘኑና ቁጥሩን ጻፊው። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሳያስበው 3 ኪሎ ከቀነሰ ለሐኪም መነገር አለበት።

ለአማት ክሳት ምራት ስትከሰስ የኖረች ናት፤ የባለቤትሽ እህት ያለችው ለምን እንዳቃጠለሽ ይገባኛል። ግን እሷም ደንግጣ ነው የሚመስለኝ። ድንጋጤ በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ እንደ ወቀሳ ነው የሚወጣው። እማማ ዝም ያሉትም አንቺን አሳልፈው ሊሰጡ አይደለም፤ እኔ ነኝ የቀነስኩት ቢሉ ምክንያቱ ይጠየቃል፣ ፍርሃታቸው አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ መከላከሉን ተዪው፣ ሥራ ስጫት። «ሐኪም ቤት ስንሄድ አንቺም ነይ፤ የሚሉትን አብረን እንስማ» በያት። ከሐኪሙ አፍ ሁለታችሁም ከሰማችሁት ማን አስራበ የሚለው ወሬ ያበቃል። እምቢ ካለች በስልክ ውጤቱን ንገሪያት፤ በጎረቤት እንዳትሰማ። ባለቤትሽንም አትርሺው። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ጊዜ አያጣም። ለእናቱ ይደውል፤ «በላሽ ወይ?» ብሎ ሳይሆን፣ ዛሬ ምን እንዳዩ፣ ማን እንደመጣ ይጠይቃቸው። የልጅ ስልክ ከምራት ልመና ይበልጣል፤ ቢመርም እውነት ነው።

ልጅሽ ቪዲዮውን በማሳየቷ አትቆጫት። አሁንም ከአያቷ ጋር አብራ ታይ፤ ይልቅ ሌላ ሥራ አለሽ በያት። በየቀኑ አንድ ጊዜ አያቷን ይዛ ደረጃውን ትውረድ፣ ብሎኩን ዞረው ይመለሱ። መጀመሪያ ግን ከበሉ በኋላ ይሁን፤ ስኳሩ እስኪስተካከል ድረስ ለብቻቸው ደረጃ አይውረዱ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የደም ምርመራው በባዶ ሆድ ነው ካሏችሁ፣ የዚያን ዕለት የጠዋቱን ክኒን ይዋጥ ወይስ ይቆይ ብለሽ ቀድመሽ ጠይቂ። ክኒን ውጠው ሳይበሉ ወረፋ ላይ እንዳይቀመጡ። ቦርሳሽ ውስጥ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ያዢ፣ ጾም ከሆነ ቆሎው ስለሚከብዳቸው ዳቦ በለውዝ ቅቤ ይሁን። ደም እንደሰጡ እዚያው አግዳሚው ላይ ይብሉ። አንቺም አብረሽ ብዪ።